የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጥናትን በአንድ ፖስተር ማቅረብ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ጉዳያቸው ግን አንድ ነው። ጥናታቸውን በፖስተር እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል፤ ፖስተሩ ምን መምሰል እንዳለበት ግን በግልጽ የነገራቸው የለም። ደብዳቤዎቹን ዋና ሐሳባቸውን ሳንለቅ አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአፈር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በጎዛምን ወረዳ በአሲዳማ አፈር ላይ ኖራና ፎስፎረስ ለገብስ ምርት ያላቸውን ጥቅም ይመለከታል። ለዐውደ ጥናት ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ፖስተር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። አማካሪዬ «ጽሑፍ በዝቶበታል» ብለው መለሱልኝ፤ እኔ ግን ሁሉም የለፋሁበት ስለሆነ የትኛውን ቆርጬ የትኛውን እንደማስቀር ግራ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ረቂቅዎን ደጋግመን ተመልክተነዋል። አማካሪዎ እውነት ብለዋል፤ ሆኖም የጽሑፉ መብዛት የሌላ ችግር ምልክት ነው ብለን እናምናለን። ረቂቁ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ምዕራፎች በቅደም ተከተል ታጥፈው የገቡበት ነው፤ በመግቢያ ይጀምራል፣ በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ያልፋል፣ ዘዴውን በዝርዝር ያትታል፣ ከዚያም አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይከተላል። ሁለት ዓመት የደከሙበት ግኝት የተጻፈው በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ፣ በሦስተኛው አንቀጽ መካከል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍን ፈታኝ የማንበብ ግዴታ አለበት፤ ፖስተርን ግን ማንም የማንበብ ግዴታ የለበትም። በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ፖስተሮች ተደርድረዋል፣ ታዳሚው ሻይውን ይዞ በመካከላቸው ያልፋል፤ ቆሞ ማንበብ ወይም ማለፍ እንዳለበት የሚወስነው ከጥቂት ሜትሮች ርቀት፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ያጠኑትን ርእስ መግለጽ አይበቃውም፤ ያገኙትን መናገር አለበት። የሚኖሩት የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ስለሆነ አጭሩን የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃናን፣ ማስታወስ አያዳግትዎትም፤ ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ ሐሳቡ ሙሉ ነው፣ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። የፖስተርዎ ዋና ዓረፍተ ነገር እንደዚያ ሊሆን ይገባል።

አሁን ያለው ርእስዎ እንዲህ ይላል፦ «በምሥራቅ ጎጃም ዞን በጎዛምን ወረዳ በአሲዳማ አፈር ላይ የተለያየ መጠን ያለው የኖራና የፎስፎረስ ማዳበሪያ አጠቃቀም በገብስ ምርት፣ በምርት አካላትና በተመረጡ የአፈር ኬሚካላዊ ባሕርያት ላይ ያለው ተጽዕኖ ግምገማ»። ይህ ለዩኒቨርሲቲው መዝገብ የሚስማማ ርእስ ነው። ምን እንደ ተገመገመ ይነግረናል፤ ምን እንደ ተገኘ ግን አይነግረንም። የራስዎን ማጠቃለያ አንብበን የሚከተለውን አወጣን፦ «በአሲዳማ አፈር ላይ ኖራና ፎስፎረስ አብረው ሲጨመሩ የገብስ ምርት አንዱ ብቻውን ከሚያስገኘው በላይ ያድጋል»። ቦታው በንኡስ ርእስ ሊገባ ይችላል። ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ምንም ሳያነብ ቢያልፍ እንኳን የጥናትዎን ፍሬ ይዞ ይሄዳል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ደግሞ «እውነት? በምን ያህል?» ብሎ ይጠጋል።

ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ የትኛው እንደሚቆረጥ ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ለእያንዳንዱ አንቀጽ፣ ሥዕልና ቁጥር «ይህን ዓረፍተ ነገር ያስረዳል ወይስ ያረጋግጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ ሁለቱንም ካላደረገ በመመረቂያ ጽሑፍዎ ውስጥ ይቆይ። አምስት አንቀጽ ከያዘው መግቢያዎ የሚያስፈልገው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የደጋው ከባድ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፣ ከብረት ጋር ሆኖም ፎስፎረስን ስለሚይዘው ገበሬው የጨመረው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ኖራ ፒኤቹን ከፍ በማድረግ ይህን እስራት ይፈታል። አንባቢው ስለ ችግሩ ከዚህ በላይ ማወቅ አያሻውም። ገብስ በኢትዮጵያ ስላለው ጥንታዊ ታሪክ የጻፉት አንቀጽ መልካም ቢሆንም ቦታው እዚህ አይደለም።

ዘዴውን በተመለከተ፣ የማሳውን አቀማመጥ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሥዕል ሁለቱን አንቀጾችዎን ይተካል። ከሥዕሉ ሥር ቦታው፣ የምርት ዘመኑ፣ የኖራውና የፎስፎረሱ መጠኖች፣ የድግግሞሹ ብዛት፣ ከመዘራቱ በፊት የነበረው የአፈር ፒኤች ይጻፍ። በ«ውጭ አገር» እና «አገር ውስጥ» ታዳሚ ፊት የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ የምርት ዘመኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይግለጹት፤ አንድ የመኸር ወቅት በእኛ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ሲነካ በእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ሳይብራራ ሲቀር የማያስፈልግ ጥያቄ ያስነሣል።

ትልቁ ሥራ ያለው ሠንጠረዡ ላይ ነው። አራት የኖራ መጠንና ሦስት የፎስፎረስ መጠን ተዋሕደው አሥራ ሁለት ረድፍ ፈጥረዋል፤ ዐምዶቹ ደግሞ ዘጠኝ ናቸው። ከመቶ በላይ የሆኑትን እነዚያን ቁጥሮች ቆሞ የሚያነጻጽር ታዳሚ አይኖርም። ከዘጠኙ ዐምዶች ዋናውን ዓረፍተ ነገር የሚያረጋግጠው አንዱ፣ ማለትም የፍሬ ምርቱ ነው። እርሱን በግራፍ ያውጡት፤ በአግድሙ የኖራ መጠን፣ በቁመቱ ምርት በሄክታር፣ ለእያንዳንዱ የፎስፎረስ መጠን ደግሞ አንድ መሥመር። ኖራና ፎስፎረስ እርስ በርስ ባይደጋገፉ ኖሮ ሦስቱ መሥመሮች ጎን ለጎን እኩል እየተራራቁ ይሄዱ ነበር። በእርስዎ ውጤት ግን ኖራው በጨመረ ቁጥር መሥመሮቹ ይለያያሉ። የጥናትዎ ነገር ያ መለያየት ነው፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ሊታይ አልቻለም፣ በግራፉ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል። የመሥመሮቹን መጠሪያ በጥግ ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ በየመሥመሩ ጫፍ ላይ ይጻፉት፤ የአንባቢው ዓይን አይመላለስም።

በግራፉ በየነጥቡ ላይ ኤረር ባር የሚባለውን አጭር መሥመር መጨመር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ምንን እንደሚያመለክት አብረው ይጻፉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ስታንዳርድ ኤረርና ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ሳይገለጹ ሲቀሩ ጥንቁቅ ፈታኝ በውጤቱ ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል። የባር ግራፍ ከተጠቀሙ ደግሞ ቁመቱ ከዜሮ ይጀምር፤ ከመካከል የጀመረ ባር ትንሹን ልዩነት ትልቅ አድርጎ ያሳያል፣ ይህም ሳያስቡት ማሳሳት ነው።

ስለ መልኩ ደግሞ ጥቂት እንበል። በብዙ ዐውደ ጥናቶች የሚጠየቀው ኤ 0 የተባለው መጠን 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ላይ ርእሱ ከ85 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) በላይ፣ ንኡስ ርእሶቹ ከ36 በላይ፣ ዋናው ጽሑፍ ከ24 ፖይንት የማያንስ ቢሆን መልካም ነው፤ የቃላቱ ብዛት ከ300 እስከ 800 ባለው ውስጥ ቢቆይ ይበቃል፣ ለእኛ ምርጫ ወደ ታችኛው ቁጥር ቢያደላ ይሻላል። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ፖስተሩን በተራ ኤ 4 ወረቀት ላይ አሳንሰው ያትሙት፤ ኤ 4 በቁመትም በወርድም የኤ 0 አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ 24 ፖይንት የነበረው ፊደል 6 ፖይንት ይሆናል። ያንን ወረቀት በእጅዎ ይዘው ማንበብ ከቻሉ ታዳሚው ትልቁን ሳይቸገር ያነበዋል።

ከጽሑፉ በስተጀርባ ያደረጉት የጮቄ ተራራ ፎቶግራፍ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በአረንጓዴው ላይ የተጻፈው ጥቁር ፊደል ጠፍቷል። ነጭ ዳራ ይጠቀሙ። በግራፉ ላይ ቀይና አረንጓዴን ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙ፤ እነዚህን ሁለት ቀለሞች መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ በየጉባኤው አሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ለአብዛኛው ሰው ይለያሉ። በላይኛው ክፍል ሩቡን ቦታ የያዙት የተቋማት ዐርማዎችም ወደ ታች ወርደው መጠናቸው ይቀንስ።

በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተማሪ ዋናውን ግኝት በፖስተሩ መካከል በትልልቅ ፊደል ብቻ ጽፎ ዝርዝሩን ወደ ዳር የማውጣት ሐሳብ አቅርቦ በብዙ አገሮች ተቀባይነት አግኝቷል። ሐሳቡን እንደግፈዋለን፤ ነገር ግን እንዳለ መውሰድን አንመክርም። በእኛ ዐውደ ጥናቶች ፖስተሩን የሚመለከቱት መምህራንና ፈታኞች ማስረጃውን ወዲያው ማየት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትልቁ ዓረፍተ ነገር ከላይ፣ ግራፉም ወዲያው ከሥሩ ይሁን።

ከሚቆረጠው ሁሉ መካከል አንድ ነገር እንዳይነካ እንለምንዎታለን። ማሳቸውን ለሙከራ የሰጡትን አርሶ አደሮች ያመሰገኑባት አጭር መሥመር ትቆይ። ዋቢዎቹ ግን ከሃያ ሁለት ወደ አራት ወይም አምስት ይውረዱ።

ጥያቄ፦ በጣና ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች ስለ እምቦጭ አረም ያጠናን ሦስት ባልደረቦች ነን። ውጤቱን ለአርሶ አደሮችና ለዓሣ አስጋሪዎች በአማርኛ ፖስተር እንድናቀርብ ተጠየቅን። የእንግሊዝኛውን ፖስተር ወደ አማርኛ መልሰን ማተሚያ ቤት ብንወስደው ፊደሉ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ተለወጠ፤ ሲስተካከል ደግሞ ጽሑፉ ተጨናንቆ ከሩቅ አልታይ አለ። መፍትሔው ምንድን ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር የቆየ ነው። ቀድሞ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ ሳይሆን በየራሳቸው አሠራር የተዘጋጁ የግዕዝ ፊደሎች ነበሩ፤ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ያው ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ወደ ላቲን ምልክት ይለወጣል። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመሰለ በዩኒኮድ በተሠራ ፊደል ጽፋችሁ፣ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ ብትወስዱት ፊደሉ በፒዲኤፉ ውስጥ ታቅፎ ስለሚሄድ አይለወጥም።

የመጨናነቁ ምክንያት ከፊደላችን ባሕርይ የመጣ ነው። የእንግሊዝኛ ንድፍ ለላቲን ፊደል የተለካ ነው። በእኛ ፊደል ሉን ከሊ፣ ሱን ከሲ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ያቺ ቅጥያ ከሩቅ ስትጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው 24 ፖይንት ከበቃ ለአማርኛው 30 እና ከዚያ በላይ አድርጉ፤ በመሥመሮች መካከል ያለውንም ክፍተት አስፉ። ቀጭን ፊደል አትምረጡ፤ ዘንበል ያለ ፊደልም ለግዕዝ አይስማማም። ማጉላት ሲያስፈልግ ከሥር አታሥምሩ፤ መሥመሩ ከፊደሎቹ እግር ጋር ይነካካል። ደመቅ ያለ ፊደል ወይም ሌላ ቀለም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ከሚቀጥለው ያነሰ ነው። ለዐውደ ጥናት የተዘጋጀን ፖስተር ወደ አማርኛ መመለስ ለዓሣ አስጋሪው ፖስተር ማዘጋጀት አይደለም። በሳይንሱ ጉባኤ የሚጠየቀው አረሙ በምን ፍጥነት እንደ ተስፋፋና በምን ዘዴ እንደ ተለካ ነው። ጀልባው በአረሙ የተያዘበት ሰው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት ይጠይቃል። አረሙ መነሻው ደቡብ አሜሪካ መሆኑ፣ በጣና ላይ የታወቀውም በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ለመግቢያ አንድ መሥመር ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ በሙሉ አረሙ በምን እንደሚራባ ለሚያሳይ ሥዕል ይሁን፤ ከእናቲቱ ተክል ጎን በሚወጣ ቅጥያ እንደሚባዛ፣ ዘሩም ወደ ጭቃው ወርዶ ለዓመታት ሳይበቅል ሊቆይ እንደሚችል። ይህን ያየ ገበሬ አረሙ ከማበቡ በፊት ለምን እንደሚነቀል፣ የተነቀለውም ከውኃው ዳር ርቆ ለምን መከመር እንዳለበት ሳይነገረው ይገባዋል።

የስፋት መለኪያውን ከሄክታር በተጨማሪ በቃዳ ወይም በጥማድ፣ አካባቢው በሚያስብበት ግለጹ። ማንበብ የማይችሉ ታዳሚዎች እንደሚኖሩም አስቡ፤ ሥዕሎቹ ጽሑፉ ባይኖርም ቅደም ተከተላቸው እንዲገባ ሆነው ይደርደሩ። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓሣ አስጋሪዎች አሳይታችሁ «ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እናንተ አታብራሩላቸው። የሰጧችሁ መልስ እናንተ ካሰባችሁት ከተለየ መስተካከል ያለበት ፖስተሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጥናቴ በአዊ ዞን አርሶ አደሮች ለከሰል ስለሚያለሙት ዲከረንስ ዛፍ ነው። ባለፈው ያሳተምኩት ፖስተር ፎቶግራፎቹ ደብዝዘው፣ ግራፎቹም ተቦጫጭቀው ወጡ፤ በስልኬና በኮምፒዩተሬ ላይ ግን ጥርት ያሉ ነበሩ። ደግሞም አዲስ አበባ ስደርስ ተጨማድዶ ነበር። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ የኮምፒዩተር ገጽታ ትንሽ ስለሆነ ጉድለትን ይደብቃል። በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚታተም ፎቶግራፍ በኢንች ቢያንስ 150 ነጥብ እንዲኖረው ከተፈለገ ወርዱ 1,770 ፒክስል ያህል መሆን አለበት። የዛሬ ስልኮች ከዚህ በላይ ያነሣሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲላክ ነው። ቴሌግራም በ«ፎቶ» መልክ የተላከለትን ምስል ይቀንሰዋል፤ ያንኑ በ«ፋይል» መልክ ቢልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። ግራፉን ከኤክሴል በስክሪንሾት አንሥተው ለጥፈውት ከሆነም የተቦጫጨቀው በዚያ ምክንያት ነው፤ ግራፉን ራሱን ቀድተው በፓወርፖይንት ላይ ቢያስቀምጡት የፈለጉትን ያህል ቢያድግ አይደበዝዝም። የፓወርፖይንቱን ገጽ ከመጀመሪያው፣ አንድም ፊደል ሳይጽፉ፣ በሚታተምበት ልክ ያስተካክሉ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የዐውደ ጥናቱን አዘጋጆች የሰሌዳውን ስፋትና ፖስተሩ በቁመት ወይስ በአግድም እንደሚሰቀል ይጠይቁ። ለባነር የሚሆነው ፕላስቲክ ርጥበትን ይችላል፤ ነገር ግን ማብለጭለጩ በመብራት ሥር ንባብን ያስቸግራል፤ ምርጫ ካለ የማያብለጨልጨውን ይጠይቁ። ፖስተሩን አያጥፉት። የተጻፈበትን ገጽ ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ሲሰቀል ጠርዞቹ ወደ ፊት አይጠቀለሉም። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኝ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የውኃ መሥመር ፕላስቲክ ቱቦ ኤ 0 ፖስተር ይይዛል። በክረምት የሚጓዙ ከሆነ አፎቹን ይድፈኑ፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዲጫን ግን አይፍቀዱ። የአርሶ አደሮችን ፊት የሚያሳዩትን ፎቶዎች በተመለከተ፣ ባለቤቶቹ ለሕዝብ እንደሚቀርቡ አውቀው መፍቀዳቸውን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንን ነኝ። ፖስተሬ ተዘጋጅቷል፤ የሚያስፈራኝ አጠገቡ መቆሙ ነው። ታላላቅ ፕሮፌሰሮች መጥተው ዝም ብለው ሲያነቡ እኔ ምን ልበል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሲያነቡ ዝም ይበሉ። ሰላምታ ይስጧቸው፣ ከፖስተሩ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ይቁሙ፣ ለጥቂት ጊዜ እንዲያነቡ ይተዉአቸው። ዓይናቸውን ወደ እርስዎ ሲመልሱ «ከፈቀዱ በሁለት ደቂቃ ላስረዳዎት» ይበሉ። ያቺን የሁለት ደቂቃ ንግግር አስቀድመው ለባልደረባ ጮክ ብለው ይለማመዷት፤ በግኝቱ ይጀምሩ፣ ግራፉን በእጅዎ ያመልክቱ፣ ለጤና ጣቢያው ሥራ ምን እንደሚለውጥ ተናግረው ያቁሙ። የተጻፈውን አያንብቡላቸው። ያላወቁትን ቢጠየቁ «ይህን በጥናታችን አላየነውም» ማለት ክብርን አይቀንስም፤ ጥያቄውን በማስታወሻዎ ላይ ከጠያቂው አድራሻ ጋር ይጻፉት። ፖስተሩን በትንሹ ያተሙባቸው ጥቂት የኤ 4 ቅጂዎች በእጅዎ ይኑሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲበዛ ተራ የሚጠብቁት ይዘዋቸው ይሄዳሉ።